ከቆራሌው እስከ ቆሼ፦ የቤታችን ቆሻሻ ታሪክ

ስለ ሥልጣን፣ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ሽንኩርት ልጣጭና ስለ ባዶ ጠርሙስ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቧልት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቆሻሻ መጣያ መሬት ይፈልጋል፤ መሬቱም ባለቤት አለው። ማጓጓዣ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡም ከአንድ ሰው ኪስ ይወጣል። የሚነካውና የሚለየው እጅም ይፈልጋል፤ እጁም የእናት ልጅ እጅ ነው። መሬት ከማን ይወሰድ፣ ገንዘብ ማን ይክፈል፣ አደጋውን ማን ይሸከም የሚሉት ጥያቄዎች የፖለቲካ ጥያቄዎች ካልሆኑ ፖለቲካ የሚባለው ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

በሀገራችን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ እንደገና ሊያገለግል የሚችለውን ደረቅ ቆሻሻ ከሚጣለው የመለየት ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ መጀመሪያ የተጣለው በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ነው። አዋጁ ከወጣ እነሆ ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞሉት ተቃርበዋል። ታዲያ በመዲናችን ስንቱ ቤት ቆሻሻውን ለይቶ ያወጣል? ብለን ብንጠይቅ ባለሥልጣናቱ የሚሰጡን መልስ የታወቀ ነው፤ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ገና አላደገም» ይሉናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መልስ በታሪክ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። እንደ እኔ እምነት የአዲስ አበባ ሕዝብ መለየትን ከአዋጁ በፊት ያውቅ ነበር። የጎደለው የለየውን ነገር ለይቶ የሚቀበለው ነው። ተቀባይ በጠፋ ቁጥር የተለየው ተመልሶ ተቀላቅሏል፤ የተቀላቀለውም በአንድ ቦታ ተከምሯል፤ የተከመረውም አንድ ቀን ተንዶ ሰው ቀብሯል።

ከፌስታል በፊት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የጽዳት ክፍል የሚባል አልነበራትም። የከተማዋ የመጀመሪያው ጽዳት ሠራተኛ ጅብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በዚያ ዘመን የጎበኟት የውጭ ሀገር ሰዎች ሌሊት ሌሊት ጅብና ውሻ እየተፈራረቁ አጥንቱንና ጥንቡን ሲያነሡ ማደራቸውን ጽፈዋል። ሐረርማ ነገሩን ወደ ሥርዓት ለውጣው ኖራለች። በጀጎል ግንብ ሥር ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ለጅቦቹም መግቢያ ሆነው ኖረዋል፤ ጅቡ ገብቶ የሚበላውን ይበላል፣ ሳይነጋም ይወጣል።

ጅብ የሚበላው ግን የቤቱን ትራፊ ሁሉ አልነበረም። አብዛኛው ከቤት ሳይወጣ ሌላ ሥራ ያገኝ ነበር። አመድ ዕቃ ያጥባል፣ የመጸዳጃ ቤት ሽታ ያጠፋል። የጠላ አተላ ለከብት ይሄዳል። ያደረ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። የበቆሎ ቆረቆንዳ ይነዳል፤ እበት ተጠፍጥፎ ኩበት፣ ተለውሶም የግድግዳ ልስን ይሆናል። ያረጀ ነጠላ መጀመሪያ የሕፃን መጠቅለያ፣ ቀጥሎ የእጅ መጥረጊያ፣ በመጨረሻም የወለል መወልወያ ሆኖ ያልቃል። እንሰት በሚተከልበት አገር ደግሞ የግቢው ጥራጊና የከብቱ ፍግ ወደ እንሰቱ ሥር ይመለሳል፤ ሣር ቅጠሉ ከአፈር ወጥቶ ወደ አፈር የሚገባበት አዙሪት ከቤቱ አጥር አያልፍም ነበር።

ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃም ቢሆን ከዚህ ልማድ አላመለጠም። ዛሬም በጉሊት እህልና ቅመም የሚሰፈርበት ጣሳ የዱቄት ወተት ወይም የሌላ ሸቀጥ ማሸጊያ የነበረ ቆርቆሮ ነው፤ ማሸጊያ ተብሎ መጥቶ መስፈሪያ ሆኖ ቀረ። የተማሪው ደብተር ዓመቱ ሲያልቅ ለባለሱቅ ተሸጦ ቆሎና በርበሬ ይጠቀለልበታል። በስንትና ስንት የገጠር ትምህርት ቤት የተማሪ መሰብሰቢያ ደወል ሆኖ ያገለገለው የመኪና ቸርኬ እንደነበር የዘመኔ ሰዎች ታስታውሳላችሁ።

ይህን የምዘረዝረው ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። ያን ሁሉ ያስተማረን በአመዛኙ ድህነት ነው። ደግሞም ዳግም ሥራ ያላገኘውን ነገር ያለ ሐፍረት ወንዝ ውስጥ ስንጥል ኖረናል፤ ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተ ይቀጡ ምስክሮቻችን ናቸው። ሆኖም አንድ እውነት ልብ ሊባል ይገባል። አንድን ነገር ከሌላው ለይቶ ማስቀመጥ፣ እያንዳንዱም ለምን እንደሚጠቅም ማወቅ፣ በየቤቱ ያለች እናት ከእናቷ የወረሰችው ዕውቀት ነበር። «ግንዛቤ» የሚባለው ነገር ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ዋጋ የሚባለው ዳኛ

ከዚያ በኋላ ቆራሌው መጣ። ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ እንደመጣ ብዙዎች ይናገራሉ፤ በፍጥነት ሲጠራ ቃላቱ ተዋውጠው «ቆራሌው» ሆኑ ይባላል። ጆንያውን በትከሻው ጥሎ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ናስ፣ መዳብ፣ ያረጀ ጫማና የተሰበረ ራዲዮ በገንዘብ ይገዛል። አብሮት የሚዞረው ባለ «ልዋጭ» ደግሞ ገንዘብ አያወጣም፤ ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ብርጭቆ፣ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣል። በሰፈራችን እኛ ሕፃናት የቆራሌውን ድምፅ ከሩቅ ስንሰማ ያጠራቀምነውን ጠርሙስና የብረት ቁርጥራጭ ይዘን በር ላይ እንጠብቀው ነበር። ለከረሜላ መግዣ ነው። ማንም ለዩ ብሎ አላዘዘንም፤ ናስ ከብረት እንደሚበልጥ፣ የተሰነጠቀ ጠርሙስ እንደማይገዛ የተማርነው ከእርሱ ነው።

ቆራሌው የሰበሰበውን ይዞ ወደ መርካቶ ይወርዳል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተባለው ስፍራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ምን አለሽ? ምን ይዘሻል? እዚያ በርሜሉ ተቀዶ ምድጃና የቡና መቁያ ይሆናል። የመኪና ሞላ ብረት ተቀጥቅጦ መጥረቢያና ማጭድ ይወጣዋል። ቆርቆሮው ተጠቅልሎ ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ ይሆናል። ከጎማ ደግሞ በረባሶ ጫማ፣ የጉድጓድ ውሃ መቅጃና የጭነት ማሰሪያ ይሠራል። መዶሻው ከማለዳ እስከ ማታ አያርፍም። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሠራው ያለ አንድ ሳንቲም የመንግሥት በጀት፣ ያለ አንድ የውጭ አማካሪ ጥናት መሆኑን አስቡት።

ነገሩ እንዴት ሊሠራ ቻለ? መልሱ ከሦስት ነገሮች ይገኛል። አንደኛ፣ ተቀባዩ በር ድረስ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ለተለየው ዕቃ ዋጋ ይከፍላል፤ ለተቀላቀለውና ለረጠበው ግን አይከፍልም። ሦስተኛ፣ ከእርሱ በስተጀርባ ዕቃውን የሚጠብቅ ባለ መዶሻ አለ። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ሰው ሁሉ ይለያል፤ አንዱ በጎደለበት ግን የትኛውም ስብከት አያስለየውም።

ለዚህ አገልግሎቱ ቆራሌው ከእኛ ያገኘው ምስጋና አይደለም። ስሙን ስድብ አደረግነው። ዕቃ የጠፋበት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እርሱን ነው። በከተማው የጽዳት ዕቅድ ውስጥ እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ መንገድ ላይ ችግር ሲታይ ኖሯል።

ጠርሙሱና ሃይላንዱ

ሌላም የተሳካ ሥርዓት ነበረን። ጊዮርጊስ ቢራ ከተመሠረተ አንድ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ኮካ ኮላም አዲስ አበባ የገባው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሁለቱም በሚመለስ ጠርሙስ ነበር የሚሸጡት። ባለሱቁ «ባዶ ጠርሙስ ይዘሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልያዝህ መያዣ ታስይዛለህ፤ ስትመልስ ገንዘብህን ትወስዳለህ። ሳጥኑ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል፣ ጠርሙሱ ታጥቦ ደግሞ ይሞላል። ሰው መያዣውን ላለማጣት ሲል ጠርሙሱን እንደ ንብረት ይጠብቀዋል። የሠለጠኑት አገሮች ዛሬ በሕግ ሊተክሉት የሚደክሙለት ሥርዓት እኛ ዘንድ በየሱቁ ደጃፍ ነበር፤ ለመስተዋት ጠርሙስ ዛሬም አለ።

ከዚያ ፕላስቲክ መጣ። በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ በሀገራችን ሲጀመር ቀድሞ የታወቀው ስም ሃይላንድ በመሆኑ፣ ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ የማንም ፋብሪካ ይሁን «ሃይላንድ» ተብሎ ቀረ። መጀመሪያ ላይ ይህም ሁለተኛ ሕይወት አላጣም፤ ዘይት፣ ላምባና ጠጅ ተሞልቶበታል፣ ተማሪ ውሃ ይዞበታል። ብዛቱ ከልክ ሲያልፍ ግን የፕላስቲክ ጠርሙሱ መያዣ የሚከፈልበት ዕቃ ሳይሆን ፋብሪካው ሸጦ የሚገላገለው ዕቃ ሆነ። ትርፉ የአምራቹ፣ ባዶው የከተማው ሆነ ማለት ነው። በኪሎ የሚገዙ ነጋዴዎች በኋላ ባይመጡ ኖሮ ዛሬ ከምናየውም የባሰ በሆነ ነበር።

ፌስታል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ቀላል ስለሆነ ኪሎ አይሞላም፤ ስለሚቆሽሽ ቆራሌው አይነካውም፤ ስለማይበሰብስ አፈር አይቀበለውም። በሀገራችን የቤት ዕቃ ታሪክ ውስጥ ፈላጊ ያላገኘ የመጀመሪያው ነገር እርሱ ይመስለኛል። ነፋስ አጥር ላይ ይሰቅለዋል፣ ክረምት የጎርፍ ቱቦ ይዘጋበታል፣ ላም በልታው ትሞታለች።

መኖሪያችንም ተለወጠ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚኖረው ሕዝብ በርክቷል። ለአተላው ከብት፣ ለልጣጩ ጓሮ፣ ለድርቆሹም የፀሐይ ቦታ ባለበት ግቢ ይኖር የነበረ ቤተሰብ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣ። የቆራሌው ድምፅ እዚያ አይደርስም፤ ቢደርስም ዘበኛው በር ላይ ይመልሰዋል። የቀረው መውጫ አንድ ማዳበሪያ ነው፤ ልጣጩም፣ ጠርሙሱም፣ ምላጩም በዚያው ይገባል።

ቆሼ

የማዳበሪያው መድረሻ ቆሼ ነው። በደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ፣ በረጲ የሚገኘው ይህ መጣያ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ያኔ ስፍራው ከከተማ ውጭ ነበር። ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ ከተማዋ እያደገች ሄዳ ቆሻሻዋን ደረሰችበት፤ ሠላሳ ስድስት ሔክታር በሚያህል መሬት ላይ የተከመረው ተራራ ዙሪያውን በመኖሪያ ቤት ተከበበ። ከሥሩና ከጎኑ በጭቃና በላስቲክ የተሠሩ ጎጆዎች በቀሉ። ነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ኑሯቸው ከተራራው ነበር፤ መኪና ሲያራግፍ ተሻምተው ብረት፣ ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም የሚበላ ይለቅማሉ። ቤት ውስጥ መለየት የነበረበት ነገር ሁሉ በእነርሱ እጅ ተለየ ማለት ነው፤ ያውም ያለ ጓንት፣ በጭስ ውስጥ።

እዚህ ላይ የተከመረ ቆሻሻ በውስጡ ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ ልጣጭ፣ የአትክልት ትራፊ፣ ቅጠል። ይህ ነገር አየር ባለበት ቢበሰብስ አፈር ይሆናል። በብዙ ሜትር ክምር ሥር ታፍኖ ሲበሰብስ ግን ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ነው ቆሼ ዓመቱን ሙሉ ሲጨስ የሚታየው። ከልጣጩና ከዝናቡ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽም ወደ ታች እየሰረገ ክምሩን ከውስጥ ያላላዋል። ፕላስቲኩ በበኩሉ ውሃው እንዳይወጣ በየንብርብሩ ያግዳል። ለየብቻቸው ቢሆኑ አንዱ ማዳበሪያ፣ ሌላው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይሆኑ የነበሩ ነገሮች ተቀላቅለው የሚንሸራተት ተራራ ሠሩ።

አዋጁና ገንዳው

ወደ 1999ኙ አዋጅ እንመለስ። በወረቀት ደረጃ ጥሩ ሕግ ነበር። ቤተሰብ እንዲለይ ያዛል። ለከተማ አስተዳደሮች የመሰብሰቢያ ቦታ የማዘጋጀት ኃላፊነት ይሰጣል። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ይከለክላል። የመስተዋትና የቆርቆሮ ዕቃ አምራቾችና አስመጪዎችም ዕቃቸው ተመልሶ የሚሰበሰብበትን መንገድ እንዲያበጁ ይጠይቃል። በዚያው ዘመን ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ከቤት ለቤት ቆሻሻ እንዲሰበስቡ ተደረገ፤ ክፍያውም ከውሃ ሂሳብ ጋር ተዳመረ። ይህ በጎ እርምጃ እንደነበር መካድ አይገባም።

ነገር ግን ከሁሉ በኋላ ገንዳ አለ። ከየቤቱ የተሰበሰበው ማዳበሪያ ወደ አንድ የብረት ገንዳ ይገለበጣል፤ ገንዳውን መኪና አንጠልጥሎ ወደ ቆሼ ይወስደዋል። አንድ ጊዜ በምኖርበት አካባቢ የወረዳው ሰዎች መጥተው «የሚበሰብሰውን በአንድ፣ የማይበሰብሰውን በሌላ» ብለው አስተማሩን። ጎረቤቶቼ እንደታዘዙት ለይተው አወጡ። ጠዋት የመጣው ጋሪ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ማዳበሪያ በዓይናችን ፊት ተገልብጦ ተቀላቀለ። በሁለተኛው ሳምንት የለየ ሰው አላየሁም። ይህን የሰፈሬን ሰው «ግንዛቤ የጎደለው» የሚለው ማን ነው? ሕጉን ያነበበው ዜጋ ነው፤ ያላነበበው ጋሪው ነው።

ሕጉ ሌላም ትልቅ ክፍተት ነበረው። ለዘመናት ይህንኑ ሥራ ሲሠሩ የኖሩት ቆራሌውና የቆሼ ለቃሚዎች ዕውቅናም ጥበቃም አላገኙም። ሳይለይ የቀረውን የሚለዩ እጆች ከሕጉ ውጭ ቀሩ።

ሰንዳፋና መጋቢት 2

ቆሼ ከሞላ ቆይቷል፤ ይህን አስተዳደሩም ያውቅ ነበር። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ በሰንዳፋ አካባቢ በኦሮሚያ መሬት ላይ ዘመናዊ መጣያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። ከመሬታቸው የተነሡትና በአጠገቡ የሚኖሩት ገበሬዎች ሽታው፣ የሚፈሰው ፈሳሽና የከብቶቻቸው ነገር አስጨንቋቸው ተቃወሙ። ወቅቱ በኦሮሚያ ተቃውሞ የተጋጋለበት ነበር። ስለ ገዛ መሬታቸው በወጉ ያልተጠየቁ ሰዎች የሌላውን ከተማ ያልተለየ ቆሻሻ አንቀበልም ቢሉ ምን ይደንቃል? መጣያው ወራት ሳይቆይ በዚያው ዓመት ተዘጋ። በዚያ ክረምት የአዲስ አበባ ገንዳዎች ሞልተው ፈሰሱ፤ መኪኖቹም ፊታቸውን ተመልሰው ወደ ቆሼ አዞሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ተራራው ተናደ። ጎጆዎቹን ከነነዋሪዎቻቸው ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ነዋሪዎች በአቅራቢያው ለግንባታ ሲባል ይደለድል የነበረውን ዶዘር ሲወቅሱ፣ ከመንግሥት ወገን ደግሞ ክምሩን የሚቆፍሩት ለቃሚዎች መንሥኤ እንደሆኑ ሲነገር ሰማን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ሰሞን የማይናገር ባለሥልጣን አልነበረም።

እኔን ያስቆጣኝ ለቃሚዎቹን የሚወቅሰው አነጋገር ነው። ክምሩን ያስረዘመው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው በየቀኑ ያወጣው ያልተለየ ማዳበሪያ ነው። ለቃሚው ከዚያ ክምር አንድ ብረት፣ አንድ ሃይላንድ ባነሣ ቁጥር ተራራውን አሳነሰው እንጂ አልጨመረበትም። ከሁሉም ያነሰውን የጣሉት ሰዎች ከሁሉም የበዛውን ዕዳ ከፈሉ።

እሳቱና ጎረቤት አገር

ከአደጋው በኋላ በጃፓንና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት እርዳታ ፉኩኦካ የሚባለው ዘዴ ቆሼ ላይ ተሞክሯል፤ ክምሩ ውስጥ ቱቦ ቀብሮ ፈሳሹን ማስወጣትና አየር ማስገባት ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ገደማ አቃጥሎ 25 ሜጋ ዋት ያህል እንዲያመነጭ የታቀደ፣ በአህጉራችን በዓይነቱ የመጀመሪያው የተባለለት ነው። ጥረቱን አልንቅም። ይሁን እንጂ እሳት ከመለየት ነፃ አያወጣንም። እርጥብ ልጣጭ ምድጃ ውስጥ ሲገባ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን ማትነን ነው፤ በእርጥብ እንጨት ወጥ የሠራች እናት ይህን ታውቀዋለች። በደንብ የሚነደው ወረቀትና ፕላስቲክ ነው፤ እርሱ ደግሞ የቆራሌውና የለቃሚው እንጀራ ነው። ስለዚህ ከተማው ልጣጩን አስቀድሞ ካልለየ፣ ወይ እሳቱ ይደክማል፣ ወይ ከድሃ አፍ ተነጥቆ ይነዳል።

ከዓባይ ወዲያ ማዶ ያለችው ካይሮ በዚህ ረገድ የሚያስተምር ታሪክ አላት። ዘባሊን የሚባሉ፣ ከላይኛው ግብፅ ፈልሰው በሙቀጠም ተራራ ሥር የሰፈሩ፣ በአብዛኛው የኮፕት ክርስቲያን የሆኑ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት የከተማዋን ቆሻሻ ከቤት ለቤት ሲሰበስቡ ኖረዋል። ወረቀቱንና ፕላስቲኩን ለፋብሪካ ይሸጣሉ፣ የምግብ ትራፊውን ለአሳማዎቻቸው ይሰጣሉ፤ ከሰበሰቡት እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን እንደገና ሥራ ላይ ያውሉ እንደነበር ይነገርላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥት ሥራውን ለስፔንና ለጣሊያን ኩባንያዎች ሰጠ፤ ውሉ ኩባንያዎቹን ያስገድድ የነበረው 20 በመቶውን ብቻ እንዲያድኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ «የአሳማ ጉንፋን» ፍርሃት ሲነሣ በመላ አገሪቱ ወደ 300 ሺህ የሚገመቱ አሳማዎች እንዲታረዱ ተደረገ። ትራፊውን የሚበላ ጠፋ፤ በካይሮ ጎዳናዎች የምግብ ቆሻሻ ተከምሮ ይበሰብስ ጀመር። መንግሥት ያልተከለውን ሥርዓት ነቀለ፤ በነቀለው ቦታም የሚተክለው አልነበረውም።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። በ2017 ዓ.ም. አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ጸድቆ ፌስታልን ከልክሏል፤ ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንደሚቀጣም ተነግሯል። ፌስታል በመከልከሉ የሚያዝን ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የ1999ኙ ሕግ በአምራቹ ላይ ሳይፈጸም ስንት ዓመት እንደኖረ ያየ ሰው፣ አዲሱ ቅጣት ከጉሊት በምትመለስ እናት ላይ ብቻ እንዳይፈጸም ቢሰጋ አይፈረድበትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጋሪው እስኪታረም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ አልልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከበራችን ውስጥ ያለውን ሥራ መሥራት እንችላለን። ከሁሉ የሚቀድመው እርጥቡን ከደረቁ መለየት ነው። ልጣጭ፣ የቡና አተላና የምግብ ትራፊ ለብቻው ይቀመጥ፤ ግቢ ያለው ጓሮው ጉድጓድ ቆፍሮ ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር እያነባበረ ማዳበሪያ ያድርገው፤ የታፈነ ክምር እንዳይሆንም አልፎ አልፎ ያገላብጠው። ይህ አንድ ሥራ ብቻ ወደ ቆሼ የሚሄደውን ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ የቀረውም ደረቅ ስለሚሆን ዋጋ ያገኛል። ወረቀትና ካርቶን ሳይረጥብ፣ ዘይትም ሳይነካው ይቀመጥ፤ ዘይት የጠጣ ካርቶን ተመልሶ ወረቀት አይሆንም። ሃይላንዱና ቆርቆሮው ለቅለቅ ተደርጎ ውሃው ይፍሰስ፤ ከዚያ ለቆራሌው ይሰጥ። ዘበኛው በር ላይ የሚመልሰው ከሆነ የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር የተወሰነ ቀንና ሰዓት ይቁረጥለት።

ባትሪ፣ የተሰበረ አምፖልና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከእነዚህ ጋር አይቀላቀል። ምላጭ፣ መርፌና የተሰበረ ብርጭቆ በወፍራም ነገር ተጠቅልሎ ወይም በቆርቆሮ ታሽጎ ለብቻው ይውጣ። በማዳበሪያው መጨረሻ ጓንት ያላደረገ እጅ አለ፤ እኛ በቸልታ የጣልነው ምላጭ የሚያገኘው ያንን እጅ ነው። መለየት ከሁሉ በፊት ለዚያ እጅ የሚደረግ አክብሮት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመንግሥትም የምንጠይቀው ረጅም ዝርዝር አይደለም። ለተለየው ቆሻሻ የተለየ ጋሪና የተለየ የማንሻ ቀን ይኑር። የአትክልት ተራው ልጣጭ በየወረዳው ማዳበሪያ የሚሆንበት ስፍራ ይሰጠው። ቆራሌውና ለቃሚው መታወቂያ፣ ጓንትና የመሥሪያ ቦታ አግኝተው የከተማው የጽዳት አካል ይሁኑ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አምራቾችም እንደ ቀድሞው የቢራ ጠርሙስ ሁሉ መያዣ አስከፍለው ዕቃቸውን መልሰው ይውሰዱ። አዲስ መጣያ ሲታሰብም የመሬቱ ባለቤት የሆነው ገበሬ አስቀድሞ ይጠየቅ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ለዚህች አገር እንግዳ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ወቅት በየሰፈራችን ይሠራ የነበረ ነገር ነው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በካምፓላ የኪቴዚ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎችን ሲገድል ዜናውን ያነበብሁት ቆሼን እያሰብሁ ነበር። በዚያም ከተራራው ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ፤ በዚያም መጣያው መሙላቱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የቆሼ ሙታን አስተማሪ እንዲሆኑ አልተወለዱም። ከሞቱ ዘንድ ግን ሞታቸው ለገንዳውም፣ ለጋሪውም፣ ለየቤታችን ማዳበሪያም አንድ ነገር ሳያስተምር እንዳያልፍ የማድረግ ዕዳ በእኛ በሕያዋኑ ላይ ነው።